ጋሽ ቀንድ አውጣ

መጽሐፉ የመጣው ከሳልባጅ ጋር ነው፣
የካፖርት ኪስ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው።
ካፖርት ለድሬዳዋ! እናቴ ታይዋን ገበያ ቦንዳ ስትፈታ ሳቀች፣
«ለኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆንሃል» ብላ ወረወረች።

እኔ ከግራ ገለጥኩት፣ ሀሁ እንደቆጠረ፤
ሰውየው ተቀብሮ ሲያበቃ ማሳል ጀመረ፣
ዝናቡ ካባራ ወዲያ ደመናው ጠቆረ።
ረምዚ ከቁርዓን ቤት ሲመለስ አየና፣
«አንተ ጅል፣ ከቀኝ እኮ ነው!» ገለበጠውና
ጣቱን እየጎተተ መራኝ። የጃፓን ፊደል ሳናውቅ፣ ለካ ምስል ይነበባል፤
ለካ አንድ ቤት በሁለት በር ይገባል።

ባለታሪኩ ጃንጥላ የሚጠግን ልጅ ነው።
እኛ ሰፈር ጃንጥላ የሚዘረጋው ለፀሐይ ነው፣
አስፋልቱ ጫማ ሲልስ፣ ፍየል ከሰው ጋር ጥላ ስትሻማ።
እሱ ግን ዝናብ ይስላል፤ መስመሩ ቀጭን፣ ድምፁ የሚሰማ።

ስሙን ማን ያንብብልን?
ግን በየገጹ አንዲት ቀንድ አውጣ ሸሽጓል፣
በጣሪያ ክዳን፣ በፖሊስ ባርኔጣ፣
አንዴም በሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ ብቅ ብላ እንደምትወጣ።
ቀድሞ ያያት አሸነፈ፤ ያላያት ቴምር ያምጣ።
ስም አወጣንለት፦ ጋሽ ቀንድ አውጣ።

አንድ ገጽ ላይ ግን፣ የልጁ እናት የሞተች ዕለት፣
አንዲት ሳጥን ባዶ ናት።
ዝናብ የለ፣ ሰው የለ፣ ቀንድ አውጣም የለች።
«ቀለም አልቆበት ነው» አልኩ።
«ማተሚያ ቤቱ ረስቶት ነው» አለ ረምዚ።
ተከራክረን፣ ተኳርፈን አደርን።

ከዚያ፣ በሐምሌ ማለቂያ፣ ሌሊት፣ ደቻቱ መጣ፤
በር ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ግድግዳ ይዞ ሊወጣ።
መስመሩ ቀጭን አልነበረም።

ሲነጋ ረምዚ ደጃችን ቆመ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ።
እህቱን ኑሪያን ጠራት፣ አንዴ።
ሁለተኛ አልጠራም።
ምን ልበለው? ከቁም ሣጥኑ አናት መጽሐፉን አወረድኩ፣
ያቺን ገጽ ገለጥኩለት።
ብዙ አያት። ጣቱን ባዶው ላይ አሳረፈ።
«ሰውየው አልረሳም» አለኝ፣
«አውቆ ነው የተወው።»

እነሆ ስንት ዓመቴ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ቀለም እበጠብጣለሁ፤
የባጃጅ ጀርባ፣ የጭማቂ ቤት፣ የጸጉር ቤት እጽፋለሁ።
በየጥጉ አንዲት ቀንድ አውጣ፣ የጥፍር ታህል፣ አስቀምጣለሁ።
ሐጂ ኡመሬ ሃምሳ ብር ቆረጡብኝ፣
«ሥጋ ቤቴ ላይ ትል ሣልክ!» ብለው እየጮኹብኝ።
ቆረጡ እንጂ አላስጠፏትም። አሁንም አለች፣
ከሻኛው ምስል ሥር፣ ወደ ቢላው እየሄደች።

ባለፈው ጥቅምት ረምዚ ከጅቡቲ ደወለ።
«ሞተ አሉ።»
«ማን?»
«ጋሽ ቀንድ አውጣ።»
ለቅሶው የት ይደረሳል? ድንኳኑ የት ተጣለ?
ፎቶ ላከልኝ፦ መነጽር ያጠለቀ፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ፣
አውራ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም፣ ልክ እንደኔ።
ስሙ ከሥሩ ተጽፏል። አላነበብኩትም።
እኛ አውጥተንለት የለ?

ብሩሼን ሳላጥብ ወጣሁ፤ እግሬ ሳቢያን አደረሰኝ።
ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አንድ ነገር አስቆመኝ፦
በከሰል የተሣለች ቀንድ አውጣ። እጄን አውቀዋለሁ፤ የኔ አይደለችም፣
ቀንዷ ረዝሟል፣ ቤቷ ጠቧታል፣ ግን አልቆመችም፤
ግድግዳው ላይ ሽቅብ ትሄዳለች፣
በላይዋ፣ በዚያ ሐሩር፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ቀጭን ቀጭን።

አንዲት ልጅ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሰሏን እንደያዘች።
«የማን ናት?» አልኳት።
ጥቁር ጣቷን ዩኒፎርሟ ላይ ጠረገች።
«የኔ» አለች።